የሰማይ ኪራይ

መስከረም 22

ለቤተሰባችን ብቸኛ ካፒቴን፣ ለእህቴ ልጅ፤

ከወሬ ሁሉ የሚቀድመው ጤና ነውና ጤናህ እንደምን ነው? ሆድህስ? ወገብህስ? ሰማይ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ወገቡ ይደክማል ይባላል። እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በስተቀር ሙሉ ነኝ። እሱም ቢሆን ደረጃ ስወጣ ነው የሚያጉረመርመው፤ ስወርድ ይስማማል። ፈጣሪ መነሻህን ያቅልልህ፣ መድረሻህን ያስፋልህ፣ በመካከሉ ያለውንም አየር ያርጋልህ።

ለምን በስልክ አልጻፈችልኝም ብለህ እንዳትታዘበኝ። ስልክ አለኝ። ግን በየሳምንቱ «አዲሱን ስምምነት ይቀበሉ» ይለኛል፤ ምን እንደምቀበል ሳላውቅ ስንቱን ተቀብዬ ጨረስኩ። ወረቀት ግን አንዴ ከገዛሁት በኋላ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። የዛሬው ጉዳዬም ይኸው ነው።

መቼም ታውቃለህ፣ ሠላሳ ዓመት ከአውሮፕላን መቆጣጠሪያ ማማ ላይ ሆኜ «ቆይ፣ ዙር፣ ውረድ» ስል ኖሬ ጡረታ ስወጣ አፌ ሥራ መፍታት አልቻለም። ዘመድ ሁሉ «እትዬ ማማ» የሚለኝ በከንቱ አይደለም። እናም ከጎሚስታው ሱቅ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ለበረራ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን በሲሙሌተር፣ በኮምፒውተር በሚበረር አውሮፕላን፣ አለማምዳለሁ። ንብረቴ ሁለት ኮምፒውተር፣ ከተጣለ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር፣ አንድ መሪ፣ ሁለት ፔዳልና አንድ ሰሌዳ ነው። የበረራ ፕሮግራሙን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በሦስት ዲስክ ገዛሁት። ቁልፍ ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ «እትዬ፣ ዛሬስ ልትበሪ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ድርጅት የለም።

ክፍላችን ሕግ አላት። ፕሮግራሙን ከፍቶ አየሩን ሳይመርጥ የሚነሳ ተማሪ፣ ፕሮግራሙ በራሱ የሚያመጣውን ያንኑ አንድ ዓይነት ጨዋ አየር ያገኛል። እኛ «የሰነፍ አየር» እንለዋለን። በሰነፍ አየር ያሳረፈ ሰው ማረፉ አይቆጠርለትም፤ ሰሌዳውንም ያጸዳል።

አሁን ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ አወጣ። የጥር 25ቱ ፈተና በአዲሱ ፕሮግራም ነው ይላል። አዲሱ ደግሞ አይሸጥም፤ በየወሩ ይከራያል። ወሩ ካለቀ ወይም ኢንተርኔቱ ከጠፋ አውሮፕላኑ ባለበት ይቀራል። ከጎማ ቤት በላይ ክፍል መከራየቴ አንሶኝ ሰማዩንም ልከራይ ነው ማለት ነው።

እኔስ በአሮጌው ዲስክ እስክሞት በኖርኩ። ነገር ግን አንዲት ነርስ አለችኝ። ከሆስፒታል ተረኛነቷ ወጥታ፣ ነጭ ጫማዋን ሳታወልቅ መጥታ ፔዳሉን ትረግጣለች። ትምህርት ቤቱ ከሃያ ስምንት ዓመት በላይ አይቀበልም፤ እሷ መጋቢት ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ትደፍናለች። ይህ ፈተና ካለፋት ሌላ የላትም። በማታውቀው ፕሮግራም ፊት ካስቀመጥኳት ጎዳኋት፤ ከተከራየሁና መሃል መንገድ ላይ ከቆመብን ደግሞ የባሰ ጎዳኋት።

ገንዘብ አልጠይቅህም፤ አትደንግጥ። የምጠይቅህ ምክር ነው። በእውነተኛው ሰማይ የምትውል አንተ ነህና ፍረደን፦ እንከራይ ወይስ ይቅር? በዚያው በምን ዓይነት አየር እንዳሳረፍክ ጻፍልኝ፤ ለተማሪዎቼ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

አክስትህ


ጥቅምት 12

ለክብርት አክስቴ ለእትዬ ማማ፤

የላኩልኝ ሰላምታ ከነምርቃቱ ሳይጎድል ደርሶኛል። የጉልበትዎን ነገር ካነበብኩ ወዲህ እኔም ደረጃ ሁለት ሁለቱን መርገጥ ትቻለሁ፤ ዘመድ እያመመው መፈንጠዝ ነውር ነው። ፈጣሪ ጉልበትዎን ሲወጡም ሲወርዱም ያስማማልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራው ብዙ ነው፤ ሰማዩም ብዙ ነው።

የኪራዩን ነገር በተመለከተ፣ እኛ አብራሪዎች የወረቀቱን ጣጣ ለቢሮ ሰዎች ነው የምንተወው። ግን ዘመኑ የኪራይ ነው፤ ዘፈኑም ፊልሙም ተከራይቶ ነው የሚታየው። ሰማይን ማን ገዝቶት ያውቃል? ይግቡበት፣ ሐሳብም አይግባዎት። አዲሱ ፕሮግራም እጅግ ያማረ ነው ይባላል፤ የዝናቡ ጠብታ መስታወቱ ላይ ሲሮጥ ይታያል አሉ።

ለተማሪዎችዎ ይህን ያንብቡላቸው። ባለፈው ማክሰኞ አንድ መቶ አርባ ሰው ይዤ ወረድኩ። ነፋሱ ከምዕራብ፣ ከሁለት መቶ ሰባ ዲግሪ፣ ፍጥነቱ ስምንት ኖት። ሙቀቱ አሥራ አምስት። ደመና የሚባል የለም። ማኮብኮቢያው ከፊቴ እንደ ንጹሕ አንሶላ ተዘርግቷል። ጎማው መሬት መንካቱን ተሳፋሪው ያወቀው እኔ በድምፅ ማጉያ ስነግረው ነው።

ለእናቴ ደህና መሆኔን ይንገሩልኝ።

ልጅዎ፣ ካፒቴኑ


ኅዳር 1

ለጤናህ ለምሳሳልህ ካፒቴን፤

ደብዳቤህ ሲደርሰን ሁላችንም ደህና ነበርን፤ አንብበን ስንጨርስም ደህና ነን። የበረርክበት ሁሉ የምታርፍበት ይሁን፤ የምታርፍበትም የሚቀበልህ ሰው አይጣ።

እንዳልከው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ነርሷ ወረቀቱን ተቀብላኝ የማረፉን ክፍል ለራሷ ደገመችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ የሰሌዳ ማጽጃውን አየች፣ ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። ነርስነት ጥሩ ሙያ ነው፤ የሰው ምርመራ ውጤት በአደባባይ አያስወራም።

ምክርህን ይዘን ሸንጎ ተቀመጥን። ጎሚስታው ከታች መጣ፤ የሱ ድምፅ አይቆጠርም ብለነው ነበር፣ ግን የኮምፒውተራችን ብሎን የሚፈታው እሱ ስለሆነ ዝም ማሰኘት አልቻልንም። «እኔ ጎማ ሸጬላችሁ በየወሩ መጥቼ ‹ካልከፈላችሁ ነፋሱን አስወጣለሁ› ብል ፖሊስ ትጠሩብኛላችሁ። እነሱ ሲሉት ግን ስምምነት ይባላል» አለ።

ነርሷ ደግሞ ከሆስፒታል አንድ ነገር አወራችን። የልብ ምት የሚቆጥር መሣሪያ ነበራቸው፣ እሱም በኪራይ ፕሮግራም የሚሠራ። አንድ ቀን በሽተኛው ተኝቶ ሳለ የልብ ምቱ በሚታይበት ስክሪን ላይ «እባክዎ ሻጩን ያነጋግሩ» የሚል ጽሑፍ መጣ። በሽተኛው ጽሑፉን አንብቦ «ልቤን በዱቤ ነው እንዴ የያዝኩት?» አላት። እሷ እጁን ይዛ በሰዓቷ ቆጠረችለት። ይህን ሁሉ ከነገረችን በኋላ ግን «ቢሆንም እንከራየው» አለች። እኔም ገባኝ፤ መሣሪያው የጠፋበትን ቀን ያየች ሴት ናት፣ መሣሪያው የሠራበትንም ሦስት መቶ ስድሳ አራት ቀን ታውቃለች።

ስለዚህ ወደ መከራየቱ አዘንብለናል፤ ግን የማወቅ ጉጉቴ አላስተኛ አለኝ። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ለስንት ጊዜ ይታገሠናል? ድርጅቱ ድንገት ቢዘጋ ሰማዩ የማን ይሆናል? ተማሪው ያረፈው ማረፍ መዝገቡ የሚቀመጠው እኛ ዘንድ ነው እነሱ ዘንድ?

አንድ ትንሽ ነገርም አለች። ሁለት ኮምፒውተር ይኑረን እንጂ፣ ስክሪኑ ላይ ሰማይና ምድሩን የሚስለው ደህና ካርድ አንድ ብቻ ነው። ጠዋት ለሁሉም በትልቁ ስክሪን ስለማስተምር ጎሚስታው ካርዱን ነቅሎ እዚያ ይሰካዋል፤ ከሰዓት መሪና ፔዳል ወዳለው ይመልሰዋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረናል፤ ካርዱም ለምዶታል፣ ሊነቀል ሲል ብሎኑ ራሱ ይላላል። በኪራዩስ ይህ ችግር አለው?

አክስትህ


ታኅሣሥ 6

ለክብርት አክስቴ፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ በረራ በዝቶብኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ እርስዎን ፈጣሪ ከነድምፅዎ ያቆይልኝ።

ስለ ኪራዩ አንድ በዚህ ነገር የሚሠራ ጓደኛ አለኝና ጠየቅሁት። ኢንተርኔት ሲጠፋ ፕሮግራሙ ሰባ ሁለት ሰዓት ይታገሣል፤ በሰባ ሦስተኛው ይዘጋል። በውሉ አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ሁለተኛ መስመር ላይ ተጽፏል። የማረፊያ መዝገቡ የሚቀመጠው በእነሱ ሰርቨር ሲሆን፣ ኪራዩ በተቋረጠ በዘጠናኛው ቀን ይጠፋል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ «ወደ ፋይል ላክ» የሚለውን፣ ከላይ በስተቀኝ ከጥርሳም ክብ ምልክቱ ሥር ያለውን ይጫኑ። ድርጅቱ ቢዘጋ ምን እንደሚሆን ውሉ አይናገርም። አምስት ጊዜ አነበብኩት፤ ማለቴ ጓደኛዬ አምስት ጊዜ አንብቦታል።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ የቀድሞ ምክሬን አነሣለሁ። ትንሽ ቆይተው ቢከራዩ ይሻላል። ወይም ነርሷ ሌላ ቦታ ሄዳ ብትለማመድስ?

ከተከራዩም አደራዎን፣ የድርጅቱ የእርዳታ ክፍል ወደሚሉት እንዳይጽፉ። ሠራተኞቹ ግልፍተኞች ናቸው አሉ፣ አይመልሱም፣ ቢመልሱም አይገባም። የቸገረዎትን ለእኔ ይጻፉልኝ።

ባለፈው ሐሙስ በረዶ ወዳለበት አገር ወርጄ ነበር። ነፋሱ ከሁለት መቶ ሰባ፣ ስምንት ኖት፤ ሙቀቱ አሥራ አምስት፤ ጥርት ያለ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 20

ለልጄ፤

ሰላምታዬን አሳጥሬአለሁ፣ ምርቃቴን ግን አልቀነስኩም። የልብህ ጥያቄ ሁሉ መልስ ያግኝ።

በረዶ ባለበት አገር አሥራ አምስት ዲግሪ ማግኘትህ ደስ ብሎኛል። በረዶውን ግን ምን ይዞት እንደማይቀልጥ ብታጣራልን ክፍሉ በሙሉ ያመሰግንሃል።

ጓደኛህንም አመስግንልኝ። አንቀጽ አሥራ ሰባትን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ከዘመድ ጋር እኩል ነው። ነርሷ ሌላ ቦታ ትሂድ ላልከው፣ ሌላ ቦታ የለም። በዚህ ከተማ ከሆስፒታል ተረኛነት ወጥታ በነጭ ጫማ የምትበርበት ቤት የኔው ብቻ ነው።

ስለዚህ ወስነናል። ጥር 1 ቀን እንከራያለን፤ ለልምምድ ሃያ አራት ቀን ይኖራታል። ሥጋቱን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጽፈን አይተነዋል። ኢንተርኔት ቢጠፋ ሰባ ሁለት ሰዓት አለን። ድርጅቱ ቢዘጋ ከጥር 25 በኋላ ይዝጋ። መዝገቡን በየሳምንቱ እንልካለን። የቀረን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከፊቱ የጥያቄ ምልክት አለው። የካርዱን ነገር ጠይቄህ ነበር። ሌላውን ሁሉ ከነአንቀጹ መልሰህ እሷን ዘለልካት።

ማማ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። አብራሪ ሁሉንም መልሶ አንዱን ሲዘልል፣ ያልሰማው እሱን አይደለም። የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ስለ እርዳታ ክፍሉ የነገርከኝም ጉጉቴን ቀሰቀሰው እንጂ አላስፈራኝም። ግልፍተኛ ሰው ሰላም የሚለው አጥቶ ይሆናል።

አክስትህ


ጥር 13

ለአክስቴ፤

ይህን ደብዳቤ ፈጣን ነው በተባለው ፖስታ ልኬዋለሁ። ምርቃት ለመጻፍ ዛሬ አፌ አልደፈረም፤ በመጨረሻው ላይ ከፈቀዱልኝ እመርቃለሁ።

የታኅሣሥ 20 ደብዳቤዎ ጥር 3 ደርሶኝ ነበር። የካርዱን መልስ አውቀዋለሁ። ፕሮግራሙ ካርዱ ሲነቀልና ሲመለስ ኮምፒውተሩ የተቀየረ ይመስለዋል፤ በአንድ ወር ውስጥ አሥር ጊዜ ከሆነበት ሌባ ገባ ብሎ ለአሥራ አራት ቀን ይቆልፋል። ይህ በውሉ ውስጥ የለም። የሚያውቁት እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው የዘለልኩት። እርስዎ «ካፒቴኑ ይህን ከየት አወቀው?» ማለትዎ አይቀርም ብዬ ፈራሁ። ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ፤ በማግስቱም አንስቼ አስቀመጥኩ። ስምንት ቀን እንዲህ ስል የእናንተ ካርድ በየቀኑ እየተነቀለ ነበር።

ትናንት ጠዋት ሥራ ገባሁ። ሥራ የምለው የዚያው ድርጅት የእርዳታ ክፍል ነው፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፤ ሠላሳ ጠረጴዛ፣ ሠላሳ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ የማይሠራ ማራገቢያ። የኔ ጠረጴዛ ቁጥር አሥራ አራት ነው። አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ እየሳቀ ጠራኝና አንድ የእርዳታ ጥያቄ አሳየኝ። ቅጹ «ችግርዎን በሚመችዎ ቋንቋ ይግለጹ» ይላል፤ የሚፈቅደው ግን ሦስት መቶ ፊደል ነው። እሱ ጽሑፉ የተበላሸ ኮድ መስሎታል፤ የአማርኛ ፊደል የሚያውቅ ሰው ከእኔ በቀር በዚያ ፎቅ የለም። ጣቱ «ዝጋ» የሚለው ላይ ነበር።

እኔ ግን አነበብኩት።

«ለተከበራችሁ የዚህ ድርጅት ሠራተኞች፣ ታላላቆችም ታናናሾችም፤ ከወሬ ሁሉ የሚቀድመው ጤና ነውና ጤናችሁ እንደምን ነው? ሆዳችሁስ? ወገባችሁስ? ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ወገቡ ይደክማል ይባላል። እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በስተቀር ሙሉ ነኝ። ግልፍተኞች ናቸው ብሎ አንድ ዘመድ ቢነግረኝም አላመንኩም፤ የሚመልስ ሰው ሰላም ሳይባል ሲውል ይከፋዋል እንጂ በተፈጥሮው ክፉ አይደለም። ፈጣሪ ወንበራችሁን ያለስልስላችሁ፣ አለቃችሁን ያብርድላችሁ፣ የምትመልሱለትን ሰው ሁሉ አመስጋኝ ያድርግላችሁ። ችግራችንን ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ እኛ»

እዚያ ላይ ሦስት መቶው ፊደል አለቀ።

«ተው፣ አትዝጋው፤ አክስቴ ናት» አልኩት።

ችግሩ አልተጻፈም። ግን ከእኔ በቀር ችግሩን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ቀኑን ቆጠርኩ፦ ጥር 11 ተቆልፏል፤ አሥራ አራት ቀኑ የሚያልቀው የፈተናው ዕለት ነው። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ «በመደበኛ አጠቃቀም የተከሰተ» የሚል ወረቀት አስፈረምኩና ቁልፉን አነሣሁ። ከዚያ ከጠረጴዛ አሥራ አራት መልስ ላክሁልዎ፤ ካርዱ ካለበት አይነቀል የሚል።

አሁን ቀሪውን ልናገር። በረራ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን ሐኪሙ ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ ገለጠልኝና «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ። ሌላው ሰው ቁጥር ያያል። እኔ የማየው ነጠብጣብ ነው። አረንጓዴና ቀዩን ዓይኔ እንደማይለይ ያን ቀን አወቅሁ። ማታ እናቴ ደውላ «አለፈ?» አለችኝ። «አለፈ» አልኳት። ቀኑ ማለፉን ነበር የተናገርኩት። እሷ ግን ለጎረቤት ነግራ ጨረሰች፤ በሳምንቱ ካፒቴን ነበርኩ።

ፕሮግራሙን ግን እወደዋለሁ። በምሳ ሰዓት ሌላው ሲበላ መሞከሪያው ኮምፒውተር ላይ እቀመጥና አበራለሁ። ለእርስዎ የጻፍኩልዎ ማረፍ ሁሉ እዚያ ያረፍኩት ነው።

ከፈቀዱልኝ፦ ፈጣሪ ነርሷን ያሳልፍልኝ።

ካፒቴን ያልሆነው ልጅዎ


የካቲት 2

ለልጄ፤

ምርቃትህን ፈቅጄልሃለሁ፤ ደርሶም ሠርቷል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ካርዱ ተቀምጧል። የጠረጴዛ አሥራ አራት መልስ እንደ ደረሰን ጎሚስታው ብሎኑን አጥብቆ በላዩ ማጣበቂያ ለጠፈበት፤ ለመድኃኒት እንኳ አይነካም ብሏል። አሁን ካርዱ አይሄድም፤ ሰው ነው የሚሄደው። ሁላችንም ወንበራችንን ይዘን እንዞራለን። አሥራ አንድ ዓመት ካርዱን ስናዞር ማናችንም ይህን አላሰብንም ነበር።

ያ መልስ ሲመጣ ነርሷ ናት ያነበበችው። «ከእርዳታ ክፍል፣ ጠረጴዛ አሥራ አራት። የተከበሩ ደንበኛ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ይላል። አንብባ ቀና አለችና «እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉን ደንበኛ ስለ ጉልበቱ ይጠይቃሉ?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት። «የኔው ነው።»

እኔ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፣ ልጄ። ባለፈው ሐምሌ ዝናብ ጣራ ሲደበድብ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ላይ ነፋሱ ከሁለት መቶ ሰባ፣ ስምንት ኖት፣ ሙቀቱ አሥራ አምስት ነበር። በጥቅምትም እንዲሁ። በረዶ ላይም እንዲሁ። ሠላሳ ዓመት ማማ ላይ ስቀመጥ ሁለት ቀን አንድ ዓይነት ነፋስ አላየሁም። ይህን ነፋስ ግን በየቀኑ አየዋለሁ፤ የኔም አሮጌ ዲስክ ሲከፈት የሚያመጣው ይህንኑ ነው። አየሩን ሳትመርጥ ነበር የምትነሳው። ነርሷም በመጀመሪያው ንባብ አውቃ ነው ማጽጃውን ያየችው።

ለምን ዝም አሉ ትለኝ ይሆናል። አውሮፕላን ሲዞር «ውረድ» የሚባለው ማኮብኮቢያው ሲለቀቅ ነው። አንተ እስክትዘጋጅ ጠበቅሁ። ጥያቄ ግን ከመጠየቅ አልቦዘንኩም፤ ጉጉት ከጡረታ ጋር አብሮ የተሰጠኝ አበል ነው።

አሁን ነርሷ። ፈተናው ላይ የተሰጣት አየር ከጎን የሚገፋ፣ የሚቆራረጥ ነፋስ ነበር፤ ደመናውም ዝቅ ያለ። የመጀመሪያውን ለማረፍ ሞከረች፣ አላማራትም፣ መልሳ ከፍ ብላ ዞረች። ሌሎቹ ግድ ብለው ሲያርፉ እሷ ዞረች። በሁለተኛው አረፈች። ፈታኙ «የዞሩት ለምንድን ነው?» ሲላት «ቤታችን ያላማረ ማረፍ ሰሌዳ ያስጸዳል» አለችው። ከወጡት አሥራ ሁለት ስሞች ስድስተኛው የሷ ነው። በሐኪም ምርመራውም ቁጥሩን አይታዋለች፤ አንተን አስቤ ጠየቅኋት።

በኪራዩ ነገር የመጨረሻ ፍርዳችን ይኸውልህ። መሪ ያለው ኮምፒውተር የነሱ ሰማይ ነው፤ ሌላው በሦስቱ ዲስኮቼ የኔ ሰማይ ነው። የነሱ ቢዘጋ በኔው እንበራለን፤ የኔ ቢያረጅ በነሱ። ጎሚስታው አሁንም አልተስማማም፤ ግን በየወሩ መጥቶ «ተከፍሏል ወይ?» እያለ የሚያስታውሰን እሱ ነው።

ለእናትህ ምንም አልነገርኩም፤ አልነግራትምም። ያንን ማረፍ ማንም አያርፍልህም። ነፋሱ ከጎን ይሆናል። ካላማረህ ዙርና ተመለስ፤ ግን እረፍ።

ካፒቴንነትህን ማንሣቱን በተመለከተ ክፍሉ ተወያይቷል። በውሳኔያችን ማዕረግህ አልተገፈፈም። ነገር ግን በሰነፍ አየር ያረፍካቸው ሦስቱ አይቆጠሩልህም፤ የሦስት ቀን ሰሌዳ አለብህ። በሚቀጥለው ደብዳቤህም የእውነቱን አየር ጻፍልኝ። መስኮት ይኖርሃል መቼም።

አክስትህ


የካቲት 21

ለአክስቴ ለእትዬ ማማ፤

ጤና ለእርስዎ፣ ጤና ለጎሚስታው፣ ጤና ለካርዱ። ነርሷን እንኳን ለዚህ አበቃሽ ይበሉልኝ፤ የመጀመሪያ በረራዋን ስትበር መንገደኛ ካስፈለጋት አለሁ።

ለእናቴ ደወልኩላት። መጀመሪያ አልሆነልኝም፤ ስለ ጎረቤት አውርተን ዘጋሁት። ዞሬ መልሼ ደወልኩ። ነገርኳት። ከዚያ «እና ሰው ሲቸገር የምትመልስለት አንተ ነህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ይሄንን ለጎረቤት እንዴት ነው የምነግረው?» አለች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር፣ ግን ሥራዬን በትክክል አስረዳ ብላ ለአንድ ሰዓት ያዘችኝ። አሁን ለሰፈሩ «ልጄ የተቆለፈ ይከፍታል» እያለች ነው፤ ሰዎቹ ምን እንደሚያስቡ አላውቅም።

የእውነቱን አየር ለጠየቁኝ፦ ሰዓቱ የምሳ ነው። የአምስተኛው ፎቅ መስኮት ለሁለት ዓመት ስላልተከፈተ ባልደረባዬ በማንኪያ እጀታ አላቀቀልኝ። ሙቀቱን የማይበት የለኝም፤ ኮቴን ለብሼ ይበርደኛል፣ ሳወልቀው አይበርደኝም። ደመናው ከወዲያ ማዶ ካለው ሕንፃ በላይ ግራጫ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሌላ ቀለም ይመስለኛል፤ ባልደረባዬ ቀላ ያለ ነው ይላል፣ አመንኩት። ጣቴን በምራቄ አርጥቤ አወጣሁ። ነፋሱ መጀመሪያ ከግራ መጣ፤ ልጽፈው ስቀመጥ ከቀኝ ሆነ። አሁን ይህን ስጽፍ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንሥቶ ሊወስደው ነው፤ በጆሮ ማዳመጫዬ ይዤዋለሁ።

በመጋቢት ፈቃድ አለኝ። የመስኮት ዳር ወንበር ይዣለሁ፤ የሚያበረው ሌላ ሰው ነው። ማጽጃውን ከቦታው አታንሱት።

ልጅዎ፣ ከጠረጴዛ አሥራ አራት